በጽጌ የሚቀበር አበባ

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ሰበብ የለውም። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጥርት ሲል ሁሌ እንዲህ ያደርገኛል። ከሥራ ስወጣ ታክሲውን ትቼ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ሄድኩ። የመንገድ ዳሩን አበባ ገና ውሃ አጠጥተውት አፈሩ ይሸታል።

መሐል መንገድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ካናዳ ካለችው እህቴ የመጣ ፎቶ ነው። ጓንት ያጠለቀ እጅ፣ መዳፉ ላይ ሽንኩርት የሚመስል ነገር። ቡናማ ልጣጩ በአንድ ጎኑ ተልጦ ነጩ ይታያል። ጫፉ ሾል ያለ ነው። «ቱሊፕ እየተከልኩ ነው» ትላለች።

በዚህ ሰሞን? እኛ ጋ ጽጌ ገብቷል። ከመስከረም 26 እስከ ህዳር 5 ድረስ ወቅቱ የአበባ ነው፤ እማዬም ጾሟን ይዛለች። አደይ አበባው ማንም ሳይተክለው ሜዳውን ሞልቶታል። እሷ ኤድመንተን ሆና አበባ ትቀብራለች።

ደወልኩላት። ስንዝር በሚያህል ጉድጓድ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ነው አለችኝ። አፈሩ ሳይቀዘቅዝ ከተቸኮለ ሊበሰብስ ይችላል። ከዘገዩ ደግሞ መሬቱ ይጠጥርና ሥር ሳይሰድ ይቀራል። ሦስት ወር እና ከዚያም በላይ ብርድ ካልጠገበ በደንብ አያብብም። «አዲስ አበባ ብትተክዪው ቅጠል ያወጣ ይሆናል እንጂ አበባው አይሆንልሽም፤ ብርዳችሁ አይበቃውም» አለች። ብርዳችሁ አለችኝ።

የሄደች ዓመት ይሄን ሁሉ አታውቅም ነበር። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ፀሐይዋ ሞቅ ስትልላት ፔቱኒያ የሚባል አበባ ገዝታ ደጅ ተከለች። ሌሊቱን ውርጭ ጣለ። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆንና ሥጋውን ይቀደዋል፤ ጠዋት ስትወጣ ሁሉም ጠቁሮ ሟሽሿል። እዚያ አገር ብዙ ሰው ለስላሳ አበባ ደጅ የሚያወጣው የቪክቶሪያ ቀን የሚባለውን በዓላቸውን ጠብቆ ነው። ከሜይ 25 በፊት ያለው ሰኞ ነው፤ በእኛ ከግንቦት 10 እስከ 16 ባለው ውስጥ ይውላል። ይሄን የነገራት ሰው አልነበረም። ስልክ ላይ አለቀሰች። ያን ጊዜ ብቻዋን ነበረች።

እዚህ የምንጠብቀው ዝናብን ነው። ሰኔ ሲገባ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ አፈር ውስጥ ብትሰኪ የሚበዛው ይይዝልሻል። ሙቀት መጠበቅ፣ ብርድ መጠበቅ የሚባል ነገር አናውቅም።

ቤት ስገባ መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። እስከ ዛሬ የምትተክለው ፔቱኒያ ነው። እዚያ ፔቱኒያ በግንቦት ተተክሎ የመጀመሪያው ከባድ ውርጭ ሲመጣ ያልቃል። ጥለሽው ብትሄጂ ምንም አይቀርብሽም። በየዓመቱም «ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ከመጣሁም አልመለስም» ትለን ነበር። ቱሊፕ ግን በመስከረምና በጥቅምት የሚቀብረው ሰው ግንቦትን እዚያው ሆኖ ሊያይ ነው። እንዲህ ብዬ ማሰብ አልነበረብኝ ይሆናል፤ አበባ ነው የተከለችው። ግን አሰብኩት።

እንድትመጣ እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ። ያን ሁሉ በረዶ ችላ ስታበቃ አበባው በሯ ላይ ቀይ ሆኖ እንዲወጣላትም እፈልጋለሁ።

ፎቶውን ለእማዬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው።

«ሽንኩርት ነው?»

«አበባ ነው እማዬ። ግንቦት ላይ ነው የሚያብበው።»

«ፋሲካስ መቼ ይውላል?»

«ሚያዝያ ላይ።»

ስልኩን መለሰችልኝ። «ታዲያ ለፋሲካ ከመጣች፣ እሱን ማን ሊያየው ነው?»