17ኛው ዘፈን ላይ ሳይደርሱ

ጅማ፣ ነሐሴ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው «ሚስተር ሞራል ኤንድ ዘ ቢግ ስቴፐርስ»ን መክፈት ከንቱ ልፋት ነው፤ ከአልበሙ ከፊሉ ዝቅ ባለ ድምፅ የተነገረ ነውና። የአሜሪካዊው ራፐር የኬንድሪክ ላማር ሥራ የወጣው ግንቦት 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። እስከ ዛሬ ስሙ በተነሳ ቁጥር ሁለት ቅሬታ ይከተላል፦ «ቢት (የሚያስጨፍር ምት) የለውም» እና «ገበናውን አደባባይ አወጣው»።

የመጀመሪያው ቅሬታ ግማሹ የስፒከር ጉዳይ ይመስለኛል። 17ኛው ዘፈን «ማዘር አይ ሶበር» ፒያኖና ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፤ አዝማቹን የምታንጎራጉረው የእንግሊዙ ባንድ የፖርቲስሄድ ድምፃዊት ቤት ጊበንስ ናት። ከመርካቶ ወደ ኮቺ በሚሄድ ባጃጅ፣ ቤዙ ተለቅቆ ሞተሩም እየጮኸ፣ ያ ዘፈን የለም ማለት ይቻላል። ጆሮ ላይ የሚቀረው «ኤን ናይንቲ ፋይቭ» የተባለው ዘፈን ነው። ከዚያ «አንድ ዘፈን ብቻ ነው ያለው» ይባላል።

ስለዚህ አሰማሙ ላይ ልቆይ። አልበሙ 18 ዘፈን ነው፣ 9 እና 9 ሆኖ ለሁለት የተከፈለ፤ በድምሩ 73 ደቂቃ ያህል። በኢንተርኔት፣ በሴኮንድ 320 ኪሎቢት በሆነ የድምፅ ጥራት ከተለቀቀ 175 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፣ በ160 ደግሞ 88። ለተራ የጆሮ ማዳመጫ 160ው ይበቃል፤ ጥቅል ለሚቆጥብ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሹፍል (ዘፈን የሚያዘበራርቀው) ይጥፋ፤ ዘፈኖቹ ተራ ጠብቀው ነው የሚገቡት። ክሮስፌድም (የአንዱን መጨረሻ ከቀጣዩ መጀመሪያ ጋር የሚደራርበው) ይጥፋ፣ ምክንያቱም የዘፈኖቹን ጫፍ ይውጣል፦ 8ኛው «ዊ ክራይ ቱጌዘር» የሚያልቀው በጫማ ኳኳታ ነው፤ ያ ኳኳታ ጌጥ ሳይሆን ከዋናው ጉዳይ የመሸሽ ምልክት ነው። ከ9ኛው በኋላ ማረፍ ይቻላል፣ ሁለት ሲኒ የሚያስጠጣ ያህል። ግጥሙን እያነበቡ መስማት ለሁለተኛው ዙር ይቆይ፤ መጀመሪያ ያነበበ ሰው ድምፁን አይሰማም።

ብዙ ሰው ግን 8ኛው ላይ ያቆማል። ኬንድሪክና ተዋናይቷ ቴይለር ፔጅ ስድብ የሚወራወሩበት ነው፤ ከቤተሰብ ጋር የሚሰማ አይደለም። እዚያ ላይ ያጠፋ ሰው አልበሙን ጥላቻ ብሎ ይፈርጀዋል። ቁጣው ከየት እንደመጣ የሚነገረው ግን 17ኛው ላይ ነው፦ በልጅነት የደረሰ፣ ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ጥቃት።

ሃያሲዎቹም አልተስማሙም። የእንግሊዙ ጋዜጣ ጋርዲያን 5 ከ5 ሰጠው፣ የአሜሪካው የሙዚቃ ድረ ገጽ ፒችፎርክ 7.6 ከ10። በአሜሪካ የመጀመሪያ ሳምንት ሽያጩ 295 ሺህ ገደማ ነበር፤ የፊተኛው አልበሙ «ዳም» 603 ሺህ ነበር። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2023 የምርጥ ራፕ አልበም ግራሚን ወሰደ። በሁለቱ አልበሞች መካከል 1,855 ቀን አለ፤ መክፈቻው ላይ ራሱ ይቆጥረዋል። ያን ያህል የጠበቀ አድማጭ የሚጨፍርበት ፈልጎ ቢሆን አይፈረድበትም።

ገበና ስለማውጣት የሚነሳው ከበድ ይላል። እኛ ዘንድ ንስሐ ለነፍስ አባት ነው፣ የቤት ጉዳይ ለሽማግሌ። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮም ወርቁን ሲፈልግ፣ ሰውየው ወርቁን ሜዳ ላይ አስጥቶት ያገኘዋል። ይህ የሚያስደነግጥ ቢሆንም ጉድለት ነው አልልም። ጉድለቱ ሌላ ነው፦ 6ኛውና 12ኛው ላይ ራፐሩ ኮዳክ ብላክ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 አስገድዶ በመድፈር በተጀመረ ክስ በድብደባ ጥፋተኛ መሆኑን ያመነ ሰው። ስለ ጥቃት ቁስል የሚናገር አልበም እሱን ያለ ማብራሪያ ማስቀመጡን ሃያሲዎች ነቅፈውታል። ለጥፋተኛም ቦታ አለ ለማለት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔን አላሳመኑኝም። ደጋግሞ መስማትም ይህን አይፈታውም።

ለመቀየም ሌላም ሰበብ አለ። መሪያችን ብለው የጠበቁት ሰው በመጨረሻው ዘፈን «ሚረር» ላይ ራሴን መርጫለሁ ይላል፣ ይቅርታም ይጠይቃል። ይቅርታውን ግን ብዙዎቹ አልሰሙትም፤ 8ኛው ላይ አጥፍተው ወርደዋል።