የምስጋናው ገጽ

ዛሬ እንዲሁ ደብሮኛል። ደግሞ ሰኔ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ መብራትም ሄዷል። ለጓደኛዬ ለኤ. ደውዬ ልነጫነጭባት ብል አታነሳም። ጠረጴዛው ላይ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ተከምሯል። እንግዲህ ማረም ነው።

መልካቸው አንድ ዓይነት ነው። ታይምስ ኒው ሮማን፣ መጠን 12፣ መስመሩ አንድ ተኩል፣ በስፓይራል የተጠረዘ፣ ከላይ ላስቲክ። የእኔ አመል ደግሞ ይታወቃል፤ መጀመሪያ የማነበው የምስጋናውን ገጽ ነው። ሁሉም ፈጣሪን ያመሰግናሉ፣ ቀጥሎ አማካሪያቸውን (ማለትም እኔን፣ «ላልተቆጠበ ድጋፌ»)፣ ከዚያ ቤተሰብ።

ዛሬ ግን አንዱ ልጅ አስቆመኝ። እናቱ ጠላ እየሸጡ እንዳስተማሩት ጽፏል። እሳቸው ግን አንድም ቀን ቀምሰውት አያውቁም ይላል። እንግሊዝኛው ተሰባብሯል፤ ግሱና ባለቤቱ ተኳርፈዋል። ግን ሴትየዋ ታዩኝ። ገጹን ገልጬ ምዕራፍ አንድ ስገባ እንግሊዝኛው በአንዴ ሱፍ ለብሶ ቁጭ። ግሎባላይዜሽን፣ ፓራዳይም ምናምን። ይኼንን እሱ እንዳልጻፈው ለማወቅ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ከግቢው በር ወጣ ሲሉ የመብራት ምሰሶው ሁሉ «ሪሰርች እናማክራለን» በሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ምን ዓይነት ማማከር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም። ልጁ ሃይስኩልን ሙሉ በእንግሊዝኛ ተማረ ይባላል። 12ኛ ክፍል ሲፈተን ግን ያደረገው ክብ ማጥቆር ነው። የእንግሊዝኛው ፈተና ራሱ ምርጫ ነው። አንድ አንቀጽ ሳይጽፍ እንግሊዝኛ አለፈ። ፍሬሽማን ሲገባ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ አንድና ሁለት ወሰደ፤ ቶፒክ ሴንተንስ ምን እንደሆነ ተነገረው። ክፍሉ ጢም ብሎ ስለሞላ አስተማሪው (እኔም አስተምሬዋለሁ) የእያንዳንዱን ድርሰት አርሞ አይዘልቀውም። ስለዚህ የግሩፕ አሳይመንት ይሰጣል። በግሩፕ ደግሞ አንዷ ትጽፋለች፣ አንዱ የፕሪንት ይከፍላል፣ የተቀሩት ስማቸውን ያስገባሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ መጨረሻው ዓመት ላይ ደርሶ «ምርምር ሠርተህ ና» ይባላል። ያውም ከ2015 ወዲህ መውጫ ፈተና መጥቷል። እሱም ምርጫ ነው፤ ካላለፉት ግን ዲግሪ የለም። ታዲያ ልጁ ሌሊቱን ለየትኛው ቢያነጋ ይሻለዋል?

እኔ መጻፍ የተማርኩት ትምህርት ቤት አልነበረም። የሰፈሩ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበርኩ። እትዬ ብ. ከቡናው አጠገብ አስቀምጠውኝ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፤ እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ደብዳቤው ሁሉ በዚህ ይጀመራል፤ ሰረቃችሁ ያለን የለም። ከዚያ ወዲያ ግን የራሳቸው ነው። ኪራይ ጨምሯል፣ ያቺ ልጅ አግብታለች፣ አንተ ግን ለምን ጠፋህ። አንዳንዴ «እሱን ሰርዘው፣ ይከፋዋል» ይሉኛል። ይኼን እርማት እስከ ዛሬ ለተማሪ ማስተማር አልቻልኩም። እትዬ የሚጽፉት ለማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ምዕራፍ አንድ ለማን ነው የሚጻፈው? ለእኔ? እኔ እንኳ የማነበው ተከፍሎኝ ነው።

የምስጋናው ገጽ ግን ባለቤት አለው። ችግሩ፣ ባለቤቱ እናትየው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ እንግሊዝኛ አያነቡም። የቋንቋ ትምህርት ክፍሎች ካልሆኑ በቀር ጽሑፉ ከሽፋን እስከ ሽፋን በእንግሊዝኛ ነው፤ እናት እንኳ የሚመሰገኑት በማይሰሙት ቋንቋ ነው። በአማርኛ ይሁንልን ብዬ ስብሰባ ላይ ባነሳስ? ዲኑ መነጽሩን አውልቆ እንዴት እንደሚያየኝ ከአሁኑ ታየኝ።

የማርክ መስጫውን ቅጽ አየሁት። ለመግቢያ፣ ለዘዴ፣ ለትንተና፣ ለማጣቀሻ ነጥብ አለ። ለምስጋና ምንም የለም። ልጁ በእጁ የጻፈው ገጽ ዜሮ፣ የምሰሶው ሰውዬ የጻፈለት ደግሞ ሳይኮርጅ እንደሠራ ሁሉ ነጥብ ሊያገኝ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ዲፌንስ አለ፤ ተማሪው ጽሑፉን ኮሚቴ ፊት ቆሞ ያስረዳል። ሁለት ጥያቄ ይዣለሁ። አንደኛው፣ «ምዕራፍ አንድን ማን ጻፈልህ?» ይኼን ብጠይቅ ልጁ ይወድቃል፤ እናትየውም ሌላ ዓመት ጠላ ይጠምቃሉ። ሁለተኛው፣ «ያቺን ገጽ ለእናትህ በአማርኛ ነግረሃቸዋል ወይ?» ይኼን ብጠይቅ ደግሞ ኮሚቴው እኔን ነው የሚጥለኝ። ምናልባት እንደ ልማዴ ጉሮሮዬን ጠርጌ «የናሙና አመራረጥህን ብታብራራልን» እል ይሆናል። እናንተስ ብትሆኑ?