ቀዩን ቃል የማይበላ ስክሪፕት

ጥቁርና ነጭ ገጽ በከለር ስካን ሲደረግ ዓይን ልዩነቱን ብዙም አያስተውለውም። ዲስኩ ላይ ግን ወዲያው ይታወቃል። አንድ የኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲነሳ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል፤ ወደ 8.7 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። በግራጫ ከተቀመጠ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ባይት ይበቃል። በከለር ከሆነ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ እየተባለ ሦስት ባይት ይወስዳል። ቲፍ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ሳይታመቅ ከተቀመጠ 8.7 ሜጋባይት መሆን የነበረበት ገጽ 26 ሜጋባይት ይሆናል። በ600 ዲፒአይማ ከ100 ሜጋባይት ያልፋል።

ሰሞኑን እየሠራሁበት ያለው ስብስብ እንዲህ የሆነ ነው። የወዳጄ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መምህር ነበሩ። ወረቀት አይጥሉም። የጋዜጣ ቁራጭ፣ የተማሪ ፈተና፣ ማመልከቻ፣ ደብዳቤ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ፎቶግራፍ፣ ሁሉንም በካርቶን በካርቶን አድርገው ነው ያለፉት። ቤተሰቡ ስካን አስደረገው። ማሽኑ ከለር ላይ እንደተደረገ ጋዜጣውም ፎቶውም እኩል አለፈ። ልጆቹ ደግሞ አንዱ እዚህ፣ አንዷ ዋሽንግተን፣ አንዷ ዱባይ ናቸው። ሁሉም የየራሳቸውን ቅጂ ይፈልጋሉ። በዚህ ክብደቱ ግን የሚላክ አልሆነም። «እስቲ አንተ አሳንስልን» አሉኝ።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ኢሜጅማጂክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ጆን ክሪስቲ የተባለ ሰው ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረው ሲሆን እስከ ዛሬ እየታደሰ ይሠራል። አንዲት መስመር ትእዛዝ ጽፎ አንድ ሙሉ ፎልደር ወደ ግራጫ መቀየር ይቻላል። ሞግሪፋይ የሚባለው ክፍሉ ካልነገሩት በቀር አዲሱን ምስል በዋናው ላይ ስለሚጽፍ ውጤቱን ወደ ሌላ ፎልደር እንዲልክ ማዘዝ ያስፈልጋል። ይኼ ለድርድር የማይቀርብ ነገር ነው። አንድ ጊዜ የጠፋ ቀለም በምንም ትእዛዝ አይመለስም።

የሚከብደው ከዚያ በፊት ያለው ነው። የትኛው ገጽ ነው በስህተት ከለር የሆነው? የትኛውስ ነው ከለሩ የሚገባው?

የብራና መጽሐፍ አይቶ የሚያውቅ ሰው ይኼ ጥያቄ ለምን እንዳስጨነቀኝ ይገባዋል። ቁም ጸሐፊው ሁለት ቀለም ይዞ ነው የሚቀመጠው። የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። ያጻፈው ሰው ስምም ብዙ ጊዜ በቀይ ነው። የክፍሉ መጀመሪያ መስመሮችም እንደዚያው። የታተሙት የጸሎት መጻሕፍትም ብዙዎቹ ይህንኑ ልማድ ይዘው ቀጥለዋል። ግራጫ ሲሆን ቀዩ ቃል አይጠፋም፣ ይነበባል። ግን ከሌላው ቃል ጋር አንድ ይሆናል፤ አንባቢው እዚያ ጋ ቆም እንዲል የተደረገለት ምልክት ይቀርበታል።

የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ወደ 9,000 ገደማ የብራና መጻሕፍትን በፊልም አንስቷል። ያ ሥራ ባይኖር ስንቱ ጠፍቶ ይቀር እንደነበር ማሰብ ይከብዳል። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነው። ቀዩ እዚያ ላይ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው። እንዲህ ያለ ፊልም ዛሬ በከለር ስካን ቢደረግ የሚጨምረው ነገር የለም፤ በሙሉ ልብ ወደ ግራጫ መቀየር ነው። ከወረቀቱ በቀጥታ የተነሳ ገጽ ግን እንደዚያ አይታሰብም። ቀለሙ ከተረፈ ማትረፍ አለብን።

ገጾቹን በራሱ እንዲለይ የምጽፈው ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ተከትሎ የሚሠራው የትእዛዝ ዝርዝር፣ ታዲያ እንዴት ይለይ? ቀላሉ መንገድ በየነጥቡ የቀዩ፣ የአረንጓዴውና የሰማያዊው ቁጥሮች እኩል መሆናቸውን ማየት ነው። እኩል ከሆኑ ምስሉ ግራጫ ነው፣ አለቀ። ስካነሩ ራሱ ግራጫ አንብቦ በከለር ፋይል ያስቀመጠው ከሆነ ይኼ ይሠራል። የመምህሩ ወረቀቶች ግን እንደዚያ አይደሉም። የወየበ ወረቀት ነው። ነጩ ቢጫ፣ አንዳንዱም ቡኒ ሆኗል። በዚህ መለኪያ አንድም ገጽ ግራጫ አይባልም።

ሁለተኛው መንገድ የገጹን ጠቅላላ የቀለም መጠን አማካይ ወስዶ መፍረድ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ለእኛ ወረቀት አይሆንም ባይ ነኝ። ሦስት ቀይ ቃል ያለበት የጸሎት ገጽ፣ ቀዩ ከገጹ ስፋት አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። አማካዩ ይውጠዋል። በጣም የወየበ የጋዜጣ ቁራጭ ደግሞ ምንም ሳይኖርበት በአማካይ ከጸሎቱ ገጽ የበለጠ ባለቀለም ሆኖ ይወጣል። ፍርዱ ተገልብጦ ቁጭ ይላል።

ያዋጣኝ እንዲህ ማድረግ ነው። ስክሪፕቱ መጀመሪያ የወረቀቱን ቀለም ያገኛል። አብዛኛው የገጹ ክፍል ባዶ ወረቀት ስለሆነ መካከለኛውን ዋጋ፣ ማለትም ነጥቦቹ በቅደም ተከተል ቢደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን፣ መውሰድ በቂ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ነጥብ ከግራጫ ሳይሆን ከዚያ ከወረቀቱ ቀለም ምን ያህል እንደራቀ ይለካል፤ የሚቆጠረው ቀለሙ ብቻ እንጂ ጥቁረቱ አይደለም። ወረቀቱ ምንም ያህል ቢወይብ ራሱ ከራሱ ጋር ስለሚነጻጸር ችግር አይፈጥርም። ቀዩ ቃል ግን ብቻውን ጎልቶ ይወጣል። ትንሽ ቦታ እንኳ በጣም ከራቀ ገጹ ከለር ሆኖ ይቆያል።

አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ስካነሮች ሦስቱን ቀለሞች የሚያነቡት ጎን ለጎን በተደረደሩ ሦስት የሴንሰር መስመሮች ነው። እነሱ ለጥቂት ከተዛነፉ በጥቁር ፊደል ጠርዝ ላይ በአንድ በኩል ቀላ ያለ፣ በሌላው በኩል ሰማያዊ ያለ ቀጭን ጥላ ይፈጠራል። ስክሪፕቱ ያንን ቀለም ነው ብሎ ይይዘዋል። መድኃኒቱ ከመለካት በፊት ምስሉን በጣም ማሳነስ ነው። ሲያንስ የሁለቱ ጠርዝ ጥላዎች ተደባልቀው ይጠፋፋሉ፤ እውነተኛው ቀይ ቃል ግን ቀይ እንደሆነ ይቀራል።

ጄፔግ በሚባለው የታመቀ የምስል ዓይነት የተቀመጡት ፋይሎች ሌላ ነገር ናቸው። ጄፔግ ብርሃኑንና ቀለሙን ለይቶ ስለሚያስቀምጥ፣ ቀለም የሌለው ገጽ ላይ የቀለሙ ክፍል ድሮውንም ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። ግራጫ ሲሆን እንደ ቲፉ ሲሶ አይሆንም። በዚያ ላይ ከፍቶ እንደገና ማስቀመጥ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ጄፔግትራን የሚባለው መሣሪያ ግን የቀለሙን ክፍል ብቻ አውጥቶ የብርሃኑን ክፍል እንዳለ ይተወዋል። ለጄፔግ እሱን ብቻ ነው የምጠቀመው።

ወደ ግራጫ የሚቀየሩት ላይም ምርጫ አለ። የወየበ ገጽ ላይ ቀዩን ቻናል፣ ማለትም ከሦስቱ ቁጥሮች የቀዩን ብቻ፣ መውሰድ ደስ የሚል ውጤት ይሰጣል። ቢጫውና ቡኒው እድፍ ይነጣል፣ ጥቁሩ ፊደል ደምቆ ይቀራል። ለጋዜጣ ቁራጮቹ ይህንኑ አደረግሁ፤ እንደ አዲስ ይነበባሉ። ቀይ ቀለም ባለበት ገጽ ላይ ግን ይኼንኑ ማድረግ ጥፋት ነው። ቀዩ ቃል ከእድፉ ጋር አብሮ ይነጣል። የእመቤታችን ስም ባለበት ቦታ ባዶ ወረቀት ይቀራል። ለዚህ ነው መለየቱ መቅደም ያለበት።

በመጨረሻ ሦስት ክምር ሆነ። ግራጫነቱ የተረጋገጠ፣ ከለርነቱ የተረጋገጠና አጠራጣሪው። ለአጠራጣሪው ኢሜጅማጂክ በትንንሹ ደርድሮ በአንድ ገጽ ብዙ ምስል እንዲያሳየኝ አደረግሁና ከወዳጄ እናት ጋር ተቀምጠን አየነው። የደበዘዘ ሐምራዊ ማኅተም ያለበት የሹመት ደብዳቤ ላይ ስንደርስ፣ ግራጫ ቢሆን ምን እንደሚመስል አሳየኋቸው። «ልጄ፣ ማኅተሙ ከፈዘዘማ ምኑን ደብዳቤ ሆነ?» አሉ። ከለር ሆኖ ቀረ። በቀይ እስክሪብቶ የታረሙት የተማሪ ፈተናዎችም ቀሩ፤ እዚያ ላይ የመምህሩ እጅ ያለው በቀዩ ውስጥ ነው። አንድ የሠርግ ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ናቸው ቀረብ ብለው የሙሽራይቱ ጉንጭና ከንፈር በእጅ ቀለል ያለ ቀለም እንደተቀባ ያሳዩኝ። ሙሽራይቱ ራሳቸው ነበሩ።

ለልጆቹ የሚላከው ቅጂ አሁን በደንብ ቀሏል። የመጀመሪያዎቹ ከለር ፋይሎች፣ ግራጫ የሆኑትም ጭምር፣ ሳይነኩ በሌላ ሀርድ ዲስክ ላይ ናቸው። ዲስኩ እናትየው ቤት ይቀመጣል። የቀሩኝ ፎቶግራፎቹ ናቸው። እነሱን ለስክሪፕቱ አልሰጥም፤ ከእሳቸው ጋር አንድ በአንድ እናያቸዋለን።