ሌቪታውን ደርሶ መልስ

ከኒው ዮርኩ ፔን ስቴሽን የተነሣው የሎንግ አይላንድ ባቡር ከምድር በታች ካለው ጨለማ ወጥቶ ኩዊንስን ሲይዝ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ውሃ፣ ጃንጥላ እና አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይዣለሁ። ወረቀቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ተኝታ ነበር። የምሠራው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ነው፤ ወረቀቷን የሞላው ደግሞ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አሜሪካ ለስደተኞች በሯን መዝጋት አለባት ብሎ የሚሞግት መጽሐፍ እንድናስገባለት ይጠይቃል። ለክርክር ጽሑፉ ፈልጎት ነው።

እኔ ስደተኛ ነኝ። ልጁም ያውቃል፤ ስሜን አስተካክለው ለመጥራት ከሚጥሩት ጥቂቶች አንዱ እሱ ነው። «አየዋለሁ» አልኩት። የእኛ ሰው «አየዋለሁ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሂክስቪል ወርጄ ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩ ሌቪታውን ዘመድ እንዳለኝ ጠየቀኝ። የለኝም። የሚጎበኝ ነገር ፍለጋ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ብዙም የለም። ቦታው ቀድሞ የድንች እርሻ ነበር፤ ከ1947 እስከ 1951 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የሌቪት ኩባንያ ከ17,000 በላይ ቤቶችን እንደ ጡብ አከታትሎ ሠራበት። ቤቶቹ ዛሬ መንትያ አይመስሉም። አንዱ ፎቅ ጨምሯል፣ ሌላው በረንዳ አውጥቷል፤ ጣሪያው ላይ ግን ወንድማማችነታቸው ይታያል። የመጀመሪያዎቹ የኪራይ ውሎች ከነጭ ዘር ውጭ የሆነ ሰው እንዳይኖርባቸው የሚከለክል አንቀጽ ነበረባቸው። ይህን እያሰብኩ በእግረኛ መንገዱ ስሄድ ውሻዋን የምታናፍስ ሴትዮ «እንደምን አደርሽ» አለችኝ። አጸፋውን መለስኩና አለፍኩ።

የሄድኩት አይላንድ ትሪስ የሚባለውን የትምህርት ወረዳ ለማየት ነው። ስሙ የአካባቢው የድሮ ስም ነው፤ ዛፍ አልባ ሜዳ ላይ እንደ ደሴት ብቅ ካለ የጥድ ቁጥቋጦ የመጣ ነው ይባላል። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ቆምኩ። እንግዳ ሰው ዝም ብሎ አይገባም፤ እኔም በምሠራበት ትምህርት ቤት ማንንም አላስገባም፣ ስለዚህ አልተቀየምኩም።

በ1975 መስከረም፣ የዚህ ወረዳ ትምህርት ቦርድ አባላት ዋትኪንስ ግሌን በተደረገ የወላጆች ጉባኤ ላይ ተገኝተው «የማይገቡ» የተባሉ መጻሕፍት ዝርዝር ይዘው ተመለሱ። በኅዳር አንድ ምሽት ሁለቱ የላይብረሪውን በር አስከፍተው ዝርዝሩን ከካታሎጉ ካርዶች ጋር አስተያዩ። ዘጠኝ አገኙ። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል፦ ሰዎቹ ያገላበጡት ካርድ ነው እንጂ መጽሐፍ አይደለም። የወረዳው የትምህርት ኃላፊ፣ ቅሬታ ሲመጣ ኮሚቴ ተቋቁሞ መጻሕፍቱን መርምሮ ሐሳብ የሚያቀርብበት መመሪያ እንዳለን አትርሱ ብሎ ጻፈላቸው። መመሪያው የራሳቸው የቦርዱ ነበር። ኮሚቴው ውሎ አድሮ አራት ወላጆችንና አራት የትምህርት ቤት ሠራተኞችን ይዞ ተቋቋመ፤ የሰጠውን ሐሳብ ግን ቦርዱ በአብዛኛው ጣለው። በኋላ ሁለት ተጨምረው 11 ከደረሱት መጻሕፍት ዘጠኙ ተከለከሉ፣ አንዱ ያለ ገደብ ተመለሰ። አንዱ ደግሞ በወላጅ ፈቃድ ብቻ እንዲነበብ ተወሰነ፤ እሱም ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ሪቻርድ ራይት የራሱን ሕይወት የተረከበት «ብላክ ቦይ» ነው። ያ የኪራይ ውል አንቀጽ እዚህ ላይ ትዝ አለኝ።

ስቲቨን ፒኮ የተባለ ተማሪ ከአራት ጓደኞቹ ጋር በ1977 ከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በሰኔ 1982 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ለተማሪዎቹ አደላ። ዳኛ ዊልያም ብሬናን፣ ቦርድ በውስጣቸው ያለውን ሐሳብ ስላልወደደ ብቻ መጻሕፍትን ከትምህርት ቤት ላይብረሪ መደርደሪያ ማንሣት አይችልም ሲሉ ጻፉ። በሙያችን ይህን የማያውቅ የለም። እኔም ስልጠና ላይ ደጋግሜ ጠቅሼዋለሁ።

ከዚያው አጥር ሥር ቆሜ በስልኬ ፍርዱን እንደገና ሳነብ ግን ሁልጊዜ የምዘለው ቦታ ላይ ደረስኩ። ብሬናን የቀረበላቸው ጥያቄ መጻሕፍትን ስለ ማንሣት እንጂ ስለ ማስገባት እንዳልሆነ አስረግጠው ይናገራሉ። ስለ ግዢ የሚሉት የለም። ስለዚህ ሌሊት በር አስከፍቶ መጽሐፍ የሚያወርደውን ሰው ፍርድ ቤት ያገኘዋል። «አየዋለሁ» ብላ ወረቀት መሳቢያ የምትከተውን ሴት ግን ማን ያገኛታል? ካታሎግ ካርድ እንኳ የላትም።

በመሥሪያ ቤቴ የቅሬታ ቅጹ አራት ገጽ ነው፤ መጽሐፉን ሙሉውን አንብበዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የተማሪ የግዢ መጠየቂያ ግን የመዳፍ ያህል ወረቀት ናት፤ እምቢ ስል ምክንያቴን የምጽፍበት መስመር የላትም።

ወደ ከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። የተለየ ነገር አልነበረም፤ ጋዜጣ የሚያነቡ ሽማግሌዎችና ምንጣፍ ላይ የተንጋለለ ሕፃን። ደስ የሚል ጸጥታ ነበረው።

በመልስ ጉዞ ሥራዬን ባቡር ላይ ጀመርኩ። ልጁ ለሚፈልገው አቋም ሁለት መጻሕፍት አገኘሁና የባለሙያ ግምገማዎቻቸውን አነበብኩ። አንዱ ከዳር እስከ ዳር ጩኸት ነው፣ ምንጭ አይጠቅስም። ሁለተኛው የኢኮኖሚ ባለሙያ የጻፈው ነው፤ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣ ያሳያል፣ የተቃዋሚዎቹንም መከራከሪያ ሳያጣምም ያቀርባል። የቤተ መጻሕፍት ሙያ ምሁሩ ሌስተር አሺም በ1953 እንዳስቀመጠው፣ መራጭ መጽሐፉን ለማስቀመጥ ምክንያት ይፈልጋል፣ ሳንሱር አድራጊ ለመጣል። እኔ ሦስት ሳምንት የትኛውን ስፈልግ እንደቆየሁ አውቃለሁ። በሁለተኛው ብዙ ገጾች እንደምናደድ ሳልጠራጠር ወረቀቷ ላይ «ይገዛ» ብዬ ፈረምኩ። የመጀመሪያውን ከፈለገው ከሌላ ላይብረሪ በውሰት አስመጣለታለሁ።

ሰኞ ጠዋት ልጁን ኮሪደር ላይ አስቆምኩትና መጽሐፉ እንደታዘዘ ነገርኩት።

«አመሰግናለሁ፣ ግን ጽሑፉን ዓርብ አስረከብኩ» አለኝ። «በሌላኛው ወገን ጻፍኩት።»

ሐሳቡን ቀይሮ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አይ» አለ። «መደርደሪያችን ላይ ሰባት መጻሕፍት ነበሩ፤ ሰባቱም የሚሉት አንድ ነገር ስለሆነ ቀለለኝ።»