እንዶድና ፓተንቱ

በየተወሰነ ጊዜ ፌስቡክ ላይ "አሜሪካኖቹ እንዶዳችንን ሰርቀው ፓተንት አወጡበት" የሚል ፖስት ይዞራል (ፓተንት ማለት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ነው)፣ ከስሩ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ ስድብ ቁጭት እርግማን ምናምን። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ታሪኩን ከስሩ ስታዩት እንደዛ ሌባና ፖሊስ አይደለም፣ እኔን የሚያናድደኝ ክፍል ደግሞ ማንም ሲያነሳው አላይም።

ነገሩ የሚጀምረው አድዋ ነው፣ በ1964 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው)። ዶክተር አክሊሉ ለማ ያኔ ወጣት ተመራማሪ ናቸው፣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ ይዞራሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ውሃው ላይ የሞተ ቀንድ አውጣ በሽ ነው፣ ከነሱ ከፍ ብሎ ያለው ግን በህይወት አለ። እሳቸውም ነፍስ ያላቸውን ሰብስበው ከሴቶቹ አንዷን እስቲ ያንን አረፋ ጣል አድርጊበት አሏት፣ አደረገች፣ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። በቃ ግኝቱ ይኸው ነው፣ ላብራቶሪ የመጣው በኋላ ነው።

ለማያውቅ፣ የቢልሃርዚያ ትል ሰው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የግድ ቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት፣ ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ማለት ነው። እንዶዱ ውስጥ ያለው ገዳይ ነገር ሳፖኒን የሚባለው ነው፣ ያው አረፋውን የሚያወጣው ራሱ፣ ካሊፎርኒያ ያሉ ኬሚስቶች ነጥለው ሲያወጡት በዶክተሩ ስም ለማቶክሲን አሉት። ከዛ እዛው አድዋ ለ5 ዓመት ተሞከረ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያሉ ህፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ደግሞ ከየክፍለ ሀገሩ የእንዶድ ዓይነት እየሰበሰቡ የትኛው ይበልጥ ጠንካራ እንደሆነ ለዩ፣ ቁጥር 44 የሚባለውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ተቀበሉ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ከሆነ እንዶድ ለምንድነው ዓለም ያልተጠቀመበት? እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኩል የተባለው የመርዛማነቱ ጥናት ደረጃውን በጠበቀ ላብራቶሪ ይሰራ ነው፣ እውነት ለመናገር ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እንዶድ ዓሳም ይገድላል። ግን እንደዛ ዓይነት ጥናት ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ደግሞ በኋላ ሸጦ የሚያተርፍ ካምፓኒ ነው፣ አጥር ላይ የሚበቅል ተክል ላይ ማን ገንዘቡን ያፈሳል፣ ነገ ገበሬው ራሱ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሊጨምረው። ለዚሁ ስራ የባየር ካምፓኒ ባይሉሳይድ የሚባል ኬሚካል ነበረ፣ እሱ ባለቤት አለው፣ ፋይሉን ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚሄድለት ሰው አለው። እንዶድ የነበረው ሁለት ሶስት ተመራማሪ ነው።

አሁን ወደ ፓተንቱ። በ1990 ዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሊቀበሉ ኦሃዮ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ቶሌዶ ኢሪ ሃይቅ ዳር ናት፣ ያኔ ሃይቁን ዜብራ መስል የሚባል ትንሽዬ ባለ ዛጎል ፍጥረት ወሮታል፣ ከአውሮፓ በመርከብ ውሃ መጥቶ የከተማውን የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ያስቸግራል። ቀንድ አውጣ የገደለ እሱንስ? ተብሎ ተሞከረ፣ ገደለው። በ1993 ፓተንቱ ወጣ፣ ባለቤቱ ዩኒቨርሲቲው ነው፣ ከፈልሳፊዎቹ ስም ውስጥ ግን አክሊሉ ለማ ራሳቸው አሉበት! ይሄን ፖስቱ ላይ አታገኙትም።

ፓተንቱ የሚለውም ተክሉ የኔ ነው አይደለም፣ በእንዶድ ጭማቂ ዜብራ መስል የመቆጣጠሪያ ዘዴ ነው። ልብስ ማጠቡም ቀንድ አውጣ መግደሉም ቀድሞ የታወቀ ስለሆነ እንደ አዲስ ሊያዝ አይችልም፣ የአሜሪካ ፓተንት ደግሞ የሚሰራው አሜሪካ ብቻ ነው፣ የአድዋ ሴት ነጠላዋን ለማጠብ ማንንም አታስፈቅድም። በህግ አይን ንፁህ ነው። ቅር የሚለው እዚህ ጋር ነው፣ ህጉ ሲለካ የሚያየው የመጨረሻዋን እርምጃ ብቻ ነው፣ ለዘመናት እየወቀጡ እየዘፈዘፉ የኖሩት ሴቶች "ቀድሞ የታወቀ" በሚለው ውስጥ ገብተው ቀሩ፣ እነሱ የሚፃፉበት መስመር ፎርሙ ላይ የለም።

በኋላ ነገሩ ትንሽ ተሻሻለ። አገሮች በዕፅዋታቸውና በእንስሳታቸው ላይ ያላቸውን መብት የሚያውቀው ዓለም አቀፉ የብዝሃ ህይወት ስምምነት በ1992 ተፈረመ፣ እኛ በ1994 አፀደቅነው፣ የማህበረሰብ እውቀትን የሚያስጠብቀው አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ በ2006 ወጣ። አሜሪካ ስምምነቱን ፈርማ እስካሁን አላፀደቀችም፣ ስለዚህ ያኛው ወገን ላይ ምን ያህል ያስገድዳል የሚለው ሌላ ራስ ምታት ነው።

የቶሌዶው ፓተንት ጊዜው ካለፈ ቆየ፣ ዛሬ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። ቢልሃርዚያ ግን አለ። አሁን ትምህርት ቤት ለልጆች የሚታደለው ፕራዚኳንቴል ነው፣ እሱም በ1970ዎቹ የጀርመኖቹ ሜርክና ባየር ያወጡት፣ ድሮ ፓተንት የነበረው መድሃኒት ነው፣ አሁን ሜርክ በነፃ ይሰጣል፣ ጥሩ መድሃኒት ነው አልክድም። ግን ትሉን እንጂ ቀንድ አውጣውን አይነካም፣ ልጁ ተመልሶ እዛው ውሃ ከገባ እንደገና ይያዛል፣ በሚቀጥለው ዙር እንደገና እንክብል። ከእንክብሉ ጎን እንዶዱም ቢሞከር ምን ይጎዳል ባይ ነኝ፣ ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ግን ከዶክተር አክሊሉ ጊዜ ጀምሮ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው።