ወተት በጉንጬን ፍለጋ

እናቴ ጥቅምት በገባ ቁጥር የሚነሳባት አመል ነበራት። ገበያ ውስጥ የማሽላ እሸት ይዞ የተቀመጠ ሰው ካየች ሁለት ሦስት ዛላ ሳትገዛ አታልፍም። ማታ ፍም ላይ እያገላበጠች ትጠብሰዋለች፤ አንድ እፍኝ ትቅምና «ይሄማ ማሽላ ነው» ብላ ለእኛ ትተወዋለች። ማሽላ መሆኑን መች አጣነው! እሷ የምትፈልገው ግን ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ ውስጥ፣ ሐርቡ አጠገብ ባደገችበት መንደር የሚዘራውን ነበር። ስሙ «ወተት በጉንጬ» ነው።

ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ዘንድሮ ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጓደኛዬ ለሥራ ደሴ እንደሚሄድ ሲነግረኝ ፈቃድ ወሰድኩና አብሬው ተነሳሁ። ምክንያቴን ስነግረው «ለማሽላ ብለህ 400 ኪሎ ሜትር?» አለኝ። የጅማ ልጅ ነው፤ ለቡና ቢሆን ይገባው ነበር።

ሐሙስ ሌሊት 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወጣን። ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አለፍነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ቁርስ በላን፤ ፍርፍር ነበር፣ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። ከሚሴን ስናልፍ ግን መንገዱ ግራና ቀኙ ማሽላ ብቻ ሆነ። ማማ ላይ የቆሙ ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፣ ወንጭፍ ይወነጭፋሉ፣ ወፉ ከአንዱ ማሳ ተነስቶ ሌላው ላይ ይሰፍራል። መስኮቱን ከፍቼ ዛላዎቹን አየሁ። ቀይ አለ፣ ነጭ አለ፣ አንገቱን የሰበረ አለ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ አለ። የቱ ወተት በጉንጬ እንደሆነ የምለይበት መላ አልነበረኝም።

የእናቴን አገር በመኪና መስኮት እያየሁ ማለፍ ቅር ቢለኝም መኪናው የእኔ አይደለም። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ሽቅቡ ግን ሌላ አገር ያደርሳል። ታች በሸሚዝ የሚሄድ ሰው፣ ላይ ጋቢ ደርቦ ታገኘዋለህ። ምግቡም አብሮ ይለወጣል። ታች ማሽላ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ ነው፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ደግሞ ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንች።

ያረፍንበት ሆቴል የምግብ ዝርዝር ሁለት ገጽ ነው። ፓስታ በአትክልት፣ ክለብ ሳንድዊች፣ የተጠበሰ ድንች። ከበሩ ውጪ፣ ሃያ እርምጃ ሳይሞላ፣ አንዲት እናት የባቄላ እሸት ከነቅርፊቱ ጆንያ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ለምን አይገናኙም? ይህን ጥያቄ አስተናጋጁን ብጠይቀው «እሸትማ እቤት ነው የሚበላው» አለኝ። በሄድንበት ሁሉ ይችን መልስ ሰማኋት። እሸቱን ገዛሁ፤ መስፈሪያው ከሞላ በኋላ «ይመርቁኝ እንጂ» ስላቸው ሁለት እጃቸውን ሙሉ ጨመሩልኝ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እየፈለፈልኩ በላሁት። ጥቅምት መጨረሻ ስለሆነ ግማሹ መጠንከር ጀምሯል፤ ለስላሳዎቹ ግን ቅጠል ቅጠል እያሉ ምላስ ላይ ይጣፍጣሉ።

ሥጋ መብላት ለእኔና ለጓደኛዬ ትንሽ ብልሃት ይጠይቅ ነበር። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን፤ ደሴ ላይ ሥጋ ቤቱ የማን እንደሆነ በሩ ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። የመጀመሪያውን ቀን ማታ አንድ ምግብ ቤት ስንገባ አስተናጋጇ የአንገቴን ክርና የሱን ፂም አየት አደረገችና ገና ወንበር ሳንስብ «ለየብቻ ላምጣ ወይስ ሽሮ ይሻላችኋል?» አለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥ ቢጠየቅ ሰው ይቀየማል። እሷ ግን ስንት እንጀራ ልቁረጥ እንደማለት ነው የጠየቀችው። ሽሮውን አዘዝን። በሸክላ እየተንተከተከ መጣ፣ ከዳር ዳሩ ቅቤው ተለይቶ ቢጫ ቀለበት ሠርቷል፣ ቃሪያው ከነዘሩ ነው። ከአንድ ትሪ በላን፤ የመጨረሻውን ጉርሻ እሱ ለእኔ፣ እኔ ለሱ።

በማግስቱ ጠዋት የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ ከውጭ አየነው። ስሙ አይጠየፍ ነው፤ ድሀና ሀብታም፣ እስላምና ክርስቲያን ሳይል የሚያበላ ማለት ነው። አስተናጋጇን አስታወሰኝ፤ ጓደኛዬን ግን አላሳቀውም፤ ርቦት ነበር።

ስለዚህ ወደ ሐይቅ ከተማ ሄድን፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ቀኑ ዓርብ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ የሚጀምር ሰው ሆዱ አልጎደለም ማለት ነው። እኔ አልጀመርኩም፤ ለንስሐ አባቴም ገና አልነገርኳቸውም። የመጣልን ቆሮሶ ነው። ጎንና ጎኑን በቢላ ተልትለው ዘይት ውስጥ ከነራሱ ስለጣሉት ሥጋው ብድግ ብድግ ብሎ ቆሟል፣ በጣት ሲስቡት ቁራጭ በቁራጭ ከአጥንቱ ይለቃል። ሎሚ፣ አዋዜ፣ ዳቦ። ሁለተኛ ስናዝዝ አልቋል አሉን። በጠዋት ያልመጣ ሰው ይህን ነው የሚሰማው። ሐይቅ እስጢፋኖስን በሩቁ ተሳልመን ተመለስን።

ስንመለስ መንገድ ዳር «የአምባሰል ማር ነው» ያለን ልጅ አንድ ጠርሙስ ሸጠልን። የአምባሰል ማር ዝናው ትልቅ ነው፤ አምባሰልና ባቲ ደግሞ ለሁለቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ስማቸውን የሰጡ አገሮች ናቸው፤ ጓደኛዬ ማሩን ጭኑ ላይ አቅፎ እስከ ደሴ አንጎራጎረ። ስለ ማሩ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰኞ ባቲ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል፣ አየሩ እየሞቀ፣ ግራሩ እየበዛ ይሄዳል። የባቲን የሰኞ ገበያ ብዙ ሰው በፎቶ ያውቀዋል፦ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ሽርጥ ያገለደመው አፋር፣ ከደጋ የወረደው አማራ፣ የአካባቢው ኦሮሞ። ፎቶው ላይ የማይታየው ሽታው ነው። በአንድ በኩል ቅቤ፣ በአንድ በኩል የበርበሬ ብናኝ፣ መሀል ላይ አቧራና የግመል ላብ። ሦስት ቋንቋ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሰምቻለሁ፤ ዋጋው ግን በጣት ነው የሚነገረው።

እህል ተራ ገባሁ። ዘንጋዳ፣ ነጭ ማሽላ፣ ቀይ ማሽላ፣ ማሾ፣ ሰሊጥ በየጆንያው አፉን ከፍቶ ተደርድሯል። አንዲት ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ጋ ጎንበስ አልኩ።

«እማማ፣ ወተት በጉንጬ የለም?»

ቀና ብለው አዩኝ። ከጎናቸው ላለችው ሴት በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏትና ሁለቱም ሳቁ።

«የማን ልጅ ነህ አንተ? እሱ ይሸጣል እንዴ?»

ለምን እንደማይሸጥ አስረዱኝ። እሸት እያለ ነው እንጂ ሲደርቅ ፍሬው ይጨማደዳል፣ ይኮማተራል፤ ጣሳ አይሞላም፣ ሚዛን አያነሳም። ወፍ ደግሞ ከማሳው ሁሉ መርጦ እሱን ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ገበሬው ከሌላው ማሽላ መሀል ጥቂት እግር ይዘራል፣ ለቤቱ፣ ለልጆቹ። «የሆድ ነው እንጂ የገበያ አይደለም» አሉኝ። ባዶ እጄን እንዳልሄድ ብለው አንድ ክንድ ጥንቅሽ ቆርጠው ሰጡኝ፤ ገንዘብ አልተቀበሉም። እያላመጥኩ ወጣሁ።

ምሳ አንድ ዳስ ቢጤ ምግብ ቤት ውስጥ ነበር። ጓደኛዬ የፍየል ጥብስ አዘዘ። እኔ ምን እንዳለ ስጠይቅ «እንጀራ በእርጎ ላድርግልህ?» አለችኝ ባለቤቷ። የማሽላ እንጀራ ካደረ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል፤ ከምጣድ የወረደውን ትኩሱን ግን ሞክሩት። እርጎው በወይራ ከታጠነ ቅል ነው የተቀዳው። እንጀራውን ቆራርሳ አፈሰሰችበት፣ ከላይ ሚጥሚጣ በጣቷ ነሰነሰች። ትኩሱና ቀዝቃዛው፣ ጢሱና ኮምጣጣው አፌ ውስጥ ተገናኙ። በዚህ ጉዞ ተከፍሎበት ከተበላ ምግብ አንደኛ የምለው ይህን ነው። ጓደኛዬ ጥብሱን ትቶ ከእኔ ሳህን ይጠቅስ ጀመር።

በማግስቱ ሐርቡ ላይ ጣለኝና ወደ ጉዳዩ ሄደ። አክስቴ ቤት ከአስፋልቱ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፣ ሙስሊም ናት። እናቴ ክርስቲያን አግብታ ነው አዲስ አበባ የሄደችው፤ ወሎ ውስጥ ይህ ወሬ አይሆንም። አክስቴ እኔን ስታይ ዶሮ አላሳደደችም። ሳያርዱ እንግዳ የሚያበሉበትን መንገድ ታውቃለች፤ ዱባ አወረደች።

ዱባው ጣራ ላይ ሲጠብቅ የነበረ ነው፣ ልጡ ግራጫ፣ ውስጡ ከብርቱካን የደመቀ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላች፣ በርበሬ ጨመረች፣ ዱባውን በትልልቁ ከትፋ ጣለችው። ውኃ ጠብ አላደረገችም። «የራሱ ውኃ አለው፣ ዱባን በውኃ የሚሠራ ሰነፍ ነው» አለች። ሊወርድ ሲል በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ አንድ ማንኪያ። ዱባው ሳይፈርስ ለስልሶ፣ ጣፋጩ ከበርበሬው ጋር እየታገለ ቀረበ። ከጎኑ ቀሪቦ ቀዳችልኝ፤ ጌሾ ያልገባበት፣ የማያሰክር ጠላ በሉት፤ የተቆላው ገብስ ሽታው ይቀድማል።

የአምባሰሉን ማር አውጥቼ ሰጠኋት። ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም።

«ስንት ገዛኸው?»

ነገርኳት።

«ስኳር ተወዷል ማለት ነው» አለች፣ ጠርሙሱንም ለሻይ ይሆናል ብላ ከስኳሩ አጠገብ አስቀመጠችው።

ቡና ተፈላ። አቦሉ ላይ ጎረቤት መጣ፣ ቶናው ላይ ሌላ ጎረቤት። በረካው ላይ አክስቴ ዱአ አደረገች፤ እሷ አሚን፣ እኔ አሜን። ከዚያ ነው የመጣሁበትን የነገርኳት። ማንበቤ አይቀርምና አንድ ነገር ጨመርኩ፦ በ1973 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ የማሽላ ዘር መርምረው ላይሲን በተባለው ለሰውነት ግንባታ በሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ከሌላው ማሽላ እጅግ የበለጡ ሁለት ዘሮች ማግኘታቸውን፣ ሁለቱም የኢትዮጵያ፣ ከወሎ መሆናቸውን።

«ወተት በጉንጬን?»

«አዎ።»

«እናትህ ጡት ጥላ በሱ ነው ያደገች። ሳይጠይቋት!»

ከጓሮ ወጣን። ከማሳው ዳር፣ ለቤቱ በሚቀርበው በኩል አምስት ዛላ በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቆሟል። ከወፍ ለመደበቅ ነው። ሁለቱን ጨርቅ ስትፈታ ባዶ አገዳ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ወፉ በሥር ገብቶ ጨርሶታል። ሁለቱን ቆረጠች። አንዱን መልሳ ሸፈነችው፤ ለዘር ነው።

ፍሙ ላይ ዛላውን እያሽከረከረች ያዘችው። መጀመሪያ ቅጠል የሚቃጠል ሽታ ነበረ፣ ቀጥሎ የቆሎ፣ ቀጥሎ ሌላ። ትኩሱን ሰፌድ ላይ በመዳፏ አሸችው፤ እኔ ብነካው ተላጥኩ። ፍሬው ረገፈ፣ ገለባውን አበጠረች፣ እፍ አለችበት፣ እፍኜን ሞላችው። ፍሬው ወፍራም ነው፣ አረንጓዴ ሆኖ ጫፉ ጠቆር ያለ። ስነክሰው ቆዳው አልተቃወመም፤ ፈረጥ ብሎ ፈሰሰ። ወተት ነው ብዬ አልዋሽም። የፈላ ወተት ድስቱ ሥር ሲይዝ የሚተወው ጣዕም አለ አይደል? እሱ ነው፣ ትንሽ ጣፋጭ ተጨምሮበት። ሁለተኛውን እፍኝ ሳኝክ እናቴ የመርካቶውን ለምን እንደምትተወው ገባኝ፣ ትንሽም አፈርኩ፤ አስቸጋሪ ሰው ትመስለን ነበርና።

አክስቴ አልቀመሰችም። «ጥርስ የለኝም» አለች፣ ግን ሰፌዱ ላይ የቀረውን እየለቀመች ወደ አፏ ስታደርግ አየኋት።

ከዚያ የጎረቤቱን ልጅ ጠርታ ወንጭፉን ተቀበለችውና እጄ ላይ አደረገችው። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል፣ ምሳ ይብላ፤ ጓደኛህ እስኪመጣ ማማው ላይ ውጣ አለችኝ። ወጣሁ። የመጀመሪያው ድንጋይ ከኋላዬ ወደቀ። ሁለተኛው አልተነሳም፤ ገመዱ ጆሮዬ ላይ ተጠመጠመ። ወፎቹ ከማሽላው ሳይነሱ አንገታቸውን ዘወር አድርገው ያዩኛል፤ ልጁም እንጀራውን በእጁ እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ይስቃል። ሦስተኛውን ድንጋይ እያነሳሁ ሳለ ከአስፋልቱ በኩል የጓደኛዬ መኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«ገና ነው በለው!» አለች አክስቴ ከታች።