ሦስት ሴንቲ ሜትር

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሜ ልብስ አጠፍኩ። እስከ ትናንት አልጋ ላይ ጎንበስ ብዬ ነበር። ወገቤ ምስክር ነው።

ከልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ ማሽኖቼ በላይ የልብስ ማጠፊያ ጣውላ መሥራት የግማሽ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር። ማሽኖቹ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ቁመታቸው 85 ሴንቲ ሜትር ነው። በራቸው ከፊት ይከፈታል (ከላይ የሚከፈት ቢሆን ገና ሳልጀምር ይበቃኝ ነበር)። 18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ላያቸው ላይ ጣል ማድረግ ነው፣ አለቀ። ጣል አደረግኩት። ማጠቢያው መጭመቅ ሲጀምር ጣውላው አብሮ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ከበሮው እኮ በደቂቃ ከ1000 ጊዜ በላይ ነው የሚዞረው። የዱቄት ሳሙናው ጣሳ እየተንሸራተተ ጠርዝ ላይ ደረሰና ወለሉ ላይ ተገለበጠ። ሳሙናውን ስጠርግ ነው የገባኝ፦ ጣውላው ማሽኖቹን ጨርሶ መንካት የለበትም።

ክብደቱን ግድግዳ ይቻለው ብዬ በሦስቱም ጎን ሞራሌ (ረጅም የእንጨት ዘንግ) በፊሸር (ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ የፕላስቲክ መያዣ) እና በብሎን አሰርኩ። የላይ ጠርዙን 88 ላይ፣ በውሃ ልክ እያየሁ። ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተገኘ። ፊት ለፊት ግን ግድግዳ የለም፤ መሀሉ እንዳይጎብጥ ጠርዙ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ጣውላ በቁሟ በኮላ አጣበቅኩ። የፕላይውዱን ንብርብርም ሸፈነችልኝ።

ከዚያ ጣውላው አልገባ አለ። በግድግዳዎቹ መካከል ያለው ስፋት ከፊት ስለካ 128 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ከኋላ ግን 127። ግድግዳ ሁሉ ቀጥ ያለ ይመስለኝ ነበር፣ የዋህ። አንዷን ሴንቲ ሜትር በእጅ መጋዝ ስከረክር አንድ ሰዓት ሄደ።

ቫርኒሹን ላዩን ብቻ ልቀባና ሥሩን ማን ያየዋል ብዬ ልተወው ነበር። ግን እርጥበቱ የሚመጣው ከዚያው ከታች ነው። ሥሩ እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ ጣውላው ይጣመማል። እያጉረመረምኩ ገለበጥኩትና ሥሩንም ሁለት ጊዜ ቀባሁት።

ሞራሌው ላይ አስቀመጥኩት እንጂ በብሎን አላሰርኩትም። የውሃው መዝጊያ ከማሽኑ ኋላ ነው፤ ጎማው አንድ ቀን ቢያፈስ ጣውላውን በፍጥነት ማንሳት አለብኝ።

ማታ ማሽኑን አስነስቼ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጣውላው ላይ አስቀመጥኩ። መጭመቅ ሲጀምር ብርጭቆው ከቦታው አልተነቃነቀም። ውሃው ግን ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ወይ ወለሉ ነው፣ ወይ የማሽኑ አንድ እግር አልተስተካከለም። ነገ አያለሁ።